ለቦኔንካይ ሞቅ ያሉ የጃፓን ዘፈኖች ስመርጥ፦ የአምስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ሥራው ትናንት ተሰጠኝ። የላባችን (ጃፓን፣ ኮቤ ያለው ላቦራቶሪያችን) ቦኔንካይ፣ ማለትም የዓመት መጨረሻ ግብዣ፣ ዲሴምበር 20 ዓርብ ማታ ነው። መጀመሪያ እራት፣ ቀጥሎ ካራኦኬ፣ ማለትም ግጥሙን ከስክሪን እያነበቡ በተቀዳ ሙዚቃ መዝፈን። ጃፓኖች ሁለተኛውን ዙር ኒጂካይ ይሉታል። አስተባባሪው ደግሞ ካንጂ ይባላል። ዘንድሮ ካንጂ የተባልነው ሁለት ነን። አንደኛው ጃፓናዊ የማስተርስ ተማሪ ነው፣ ሌላው እኔ። እሱ እራቱንና ገንዘቡን ያዘ፣ እኔ ዘፈኑን ያዝኩ።

ዘፈን የሚመርጥ ሰው ያስፈለገው በአምናው ምክንያት ነው። አምና ሁሉም የሚወደውን መረጠ። የሚወደው ደግሞ አብዛኛው ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ሆነ። ማይክ የያዘው ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፣ ሌላው ስልኩን ያያል። ፕሮፌሰራችን ገና ግማሽ ሳይደርስ ባቡር ይዘው ሄዱ። ያ እንዲደገም አልፈልግም። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አብረውኝ የሠሩ ናቸው። አንድ ማታ አብረው ቢስቁ ደስ ይለኛል።

ያለኝ መረጃ ይኼ ነው። 14 ሰው እንመጣለን። ትንሹ 22 ዓመቱ ነው፣ ፕሮፌሰሩ 61። አራታችን የውጭ ዜጎች ነን፤ ከኢንዶኔዥያ፣ ከቬትናም፣ ከኬንያ፣ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ። ክፍሉ የሚያዘው ለሁለት ሰዓት ነው። አንድ ዘፈን በአማካይ አራት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል ብዬ አሰብኩ። ከ120 ደቂቃ ላይ ለመቀመጫና ለመጠጥ ማዘዣ 10 ደቂቃ ቀነስኩ። ወደ 24 ዘፈን ይገባል። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቢመርጥ 14 ይሄዳል። ስለዚህ እኔ የማዘጋጀው 10 ዘፈን ብቻ ነው።

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ኤክሴል ከፍቼ 30 ዘፈን ጻፍኩ። መለኪያዬ ሁለት ነበር፤ ዩቲዩብ ላይ ስንት ሰው እንዳየው እና ፍጥነቱ። ሞቅ ያለ ማለት ፈጣን ማለት ነው ብዬ ነው የተነሳሁት። ስልኬ ላይ የሜትሮኖም አፕ ጫንኩና በጣቴ እየመታሁ የእያንዳንዱን ምት ለካሁ። የዮአሶቢ «አይዶል» በደቂቃ 166 ምት ነው። በ2023 ከጃፓን አልፎ ዓለምን ያዳረሰ ዘፈን ስለሆነ ቁጥር አንድ አደረግኩት። ቀጥሎ የክሪፒ ናትስን «ብሊንግ-ባንግ-ባንግ-ቦርን» አስገባሁ። ዘንድሮ፣ በ2024፣ ያልሰማው የለም።

ወጪ፦ 0 የን። ጊዜ፦ አራት ሰዓት። ይኼ ዝርዝር በኋላ ሊበተን ነው።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

ብቻዬን ካራኦኬ ገባሁ። እዚህ ይኼ ነውር አይደለም። ሂቶካራ የሚባል የራሱ ስም አለው፣ ብዙ ሰው ለልምምድ ብቻውን ይገባል። በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት ርካሽ ነው። ሁለት ሰዓት፣ ከአንድ መጠጥ ጋር 780 የን ከፈልኩ።

«አይዶል» በመጀመሪያው ደቂቃ አመለጠኝ። ስክሪኑ ላይ ግጥሙ ከግራ ወደ ቀኝ ቀለም እየቀየረ ይሄዳል። በቻይና ፊደል የተጻፈው ቃል አናት ላይ አነባበቡ በትንንሽ ሂራጋና፣ በጃፓኖች የክፍለ ቃል ፊደል፣ ይጻፋል። ሂራጋና በደንብ አነባለሁ። ግን ዓይኔ አንድ ቃል ለቅሞ ሳይጨርስ ቀለሙ ሁለተኛውን መስመር ይይዛል። በዝግታ እንዲሄድ ቴምፖውን ቀነስኩት። ያኔ ዘፈኑ ሌላ ሆነ፣ ሞቅታው ጠፋ።

ሁለተኛው ችግር ኪይ፣ የዘፈኑ የድምፅ ከፍታ፣ ነው። የኦፊሻል ሂጌ ዳንዲዝምን «ፕሪቴንደር» ሞከርኩ። በ2019 የወጣ፣ ካራኦኬ ቤት ሁሌ የሚመረጥ ዘፈን ነው። አዝማቹ በጣም ከፍ ይላል። ታብሌቱ ላይ ኪይ የሚባል ቁልፍ አለ፤ አንድ ጊዜ ሲነካ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ሦስት ባወርድ አዝማቹ ተስማማኝ። አምስት ባወርድ ደግሞ መግቢያው ላይ ድምፄ ከታች አልቆ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ኪይ የሚስተካከለው አዝማቹን ብቻ ሰምቶ አይደለም። የዘፈኑ ዝቅተኛ ቦታም መሞከር አለበት። ኤክሴሉ ላይ «ኪይ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ።

ስወጣ በሳንኖሚያ ጎዳናዎች በእግሬ ሄድኩ። ካራኦኬ ተወለደበት የሚባል ሰፈር ነው። ኢኖዌ ዳይሱኬ እዚህ ኮቤ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ደንበኞችን በሙዚቃ ያጅብ ነበር። አንድ ደንበኛ ለጉዞ ሊወስደው ቢፈልግ አብሮ መሄድ አልቻለም፤ አጃቢውን በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። ከዚያ በ1971 ሳንቲም የሚጎርስ ማሽን አሠርቶ ለመጠጥ ቤቶች አከራየ። መጀመሪያ የተሠሩት 11 ነበሩ። የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም። ይህን ታሪክ የምወደው መነሻው ላይ ዘፋኝ ስለሌለ ነው። መዝፈን የማይችለው ሰው እንዲመቸው ሙዚቃው ወደ እሱ እንዲመጣ የተደረገበት ነገር ነው። ኪይ የምትለውን ቁልፍ ስነካ እሱ ትዝ ይለኛል።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ዛሬ ሦስት ሆነን ገባን። ካንጂው ልጅ፣ ኬንያዊቷ የላብ ጓደኛችንና እኔ። እሑድ ዋጋው ይጨምራል። ለአንድ ሰዓት ተኩል በነፍስ ወከፍ 1,100 የን፣ በድምሩ 3,300 ሆነ።

ከዝርዝሬ አናት ጀምሬ ስድስት ዘፈን አስገባሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ «ብሊንግ-ባንግ»ን አንድም ቃል ሳይስት ጨረሰው። አጨበጨብንለት። ግን እሱ እየዘፈነ ሳለ ኬንያዊቷን አየኋት። ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷ ላይ እጇን አድርጋ፣ ስክሪን ታያለች። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ፈጣን ዘፈን ነው፣ ጥሩ ተዘፈነ፣ ክፍሉ ግን አልሞቀም።

ቀጥሎ ልጁ ከዝርዝሩ ውጪ አንድ ዘፈን ነካ። «ጋኩኤን ቴንጎኩ» ይባላል። ፊንገር 5 በ1974 ያወጡት፣ ኮይዙሚ ኪዮኮ በ1989 እንደገና የዘፈነችው ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ማይክ የያዘው «ሄይ» እያለ ይጣራል፣ የተቀመጠው ይመልስለታል። እንደገና ይጣራል፣ ይመለስለታል። ኬንያዊቷ ዘፈኑን ሰምታው አታውቅም። ሁለተኛው ጥሪ ላይ መለሰች። ሦስተኛው ላይ ቆማለች።

በአማርኛ «ይኼማ ሆያ ሆዬ ነው!» አልኩ።

ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ዱላ ይዘን ከቤት ቤት እንዞር ነበር። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቻችን «ሆ!» እያልን በዱላ መሬቱን እንመታለን። ተቀባዩ ግጥሙን ማወቅ የለበትም። ተራው መቼ እንደሆነ ማወቅ ነው ያለበት። የአምስት ዓመት ልጅም ይቀበላል። ልጁ በጃፓንኛም ይህ ነገር ስም እንዳለው ነገረኝ፤ አይኖቴ ይባላል። በዘፈኑ ስንኞች መሃል የሚገባ ጩኸት ወይም ጭብጨባ ነው። በድሮ የገጠር ዘፈኖቻቸው ውስጥም አለ።

ለአንድ ሳምንት የተሳሳተውን ነገር ስለካ ነበር የቆየሁት። ማይክ የያዘው ሰው ምንጊዜም ሥራ አለው። መለካት ያለበት የሌሎቹ 13 ሰዎች ሥራ ነው።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

ኤክሴሉን አፈረስኩት። የዕይታ ቁጥርና ፍጥነት የሚሉትን ዓምዶች ሰረዝኩ። በምትካቸው አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ ማይክ ያልያዘው ምን ይሠራል? መልሱ «ይሰማል» ከሆነ ዘፈኑ ይወጣል። ከ30ው 24 ወጣ። «አይዶል»ም «ፕሪቴንደር»ም ወጡ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ሰው ራሱ መርጦ ይዝፈናቸው፤ የካንጂ ዘፈን አይሆኑም።

ከቀሩት መሃል በጣም የደከምኩበት የቢዝ «ኡልትራ ሶል» ነው። በ2001 ፉኩኦካ ለተደረገው የዓለም የውሃ ዋና ሻምፒዮና የተሠራ ዘፈን ነው። አዝማቹ መጨረሻ ላይ የዘፈኑ ስም ይጠራል፣ ወዲያው ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ሃይ!» ብሎ ይዘላል። አንዲት ጩኸት ናት። ግን ቦታዋ ጠባብ ነው። ስሙ ካለቀ በኋላ ማሰብ ከጀመርክ አልፎሃል። 20 ጊዜ ያህል አዳመጥኩት። መፍትሔው ትንፋሽ ነው፤ ስሙ መጠራት ሲጀምር ትንፋሽ ስበህ ከጠበቅክ «ሃይ» ራሷ ትወጣለች። ይህን ለአራታችን የውጭ ዜጎች ማሳየት አለብኝ፣ ጃፓኖቹ ከልጅነታቸው ያውቁታል።

የብሉ ኸርትስ «ሊንዳ ሊንዳ» በ1987 የወጣ ፓንክ ነው። አጀማመሩ ያታልላል። አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ለብቻው ማለት ይቻላል፣ ይዘፍናል። የማያውቅ ሰው ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስልኩን ያወጣል። ከዚያ ከበሮው ይፈነዳና ሁሉም መዝለል ይጀምራል። አዝማቹ ርዕሱ ራሱ ነው፣ ግጥም ማንበብ አያስፈልግም። እኔ እንኳን ስክሪን ሳላይ የምዘፍነው ብቸኛ ዘፈን ይኼ ነው። የመጨረሻ እንዲሆን አሰብኩ።

ለፕሮፌሰሩና በሃምሳዎቹ ላሉት ለቢሮ ጸሐፊያችን የ1970ዎቹ ያስፈልጋል። የፒንክ ሌዲ «ዩፎ» በ1977 የወጣ ነው። ገና ሲጀምር እጅ ከራስ ጀርባ የሚወጣበት ምልክት አለው፣ ያ ትውልድ ሁሉ ያውቀዋል። የሳይጆ ሂዴኪ «ያንግ ማን» በ1979 የወጣ ሲሆን አዝማቹ ላይ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት በክንድ ይሠራሉ። እሱን ከየትም አገር የመጣ ሰው ያውቃል።

የኤኬቢ48 «ኮይሱሩ ፎርቹን ኩኪ» የ2013 ነው። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፣ በድሮው መለኪያዬ አያልፍም ነበር። ግን ሁለት እጅን እንደ ሩዝ ድብልብል፣ እንደ ኦኒጊሪ፣ እያገላበጡ የሚጨፈር ጭፈራ አለው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ እየጨፈሩ ቪዲዮ የለቀቁበት ዘፈን ነው። ተቀምጠውም ይሠራል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ጥሩ ነው።

ዳ ፓምፕ በ2018 ያወጣው «ዩ.ኤስ.ኤ.» እና የማትሱዳይራ ኬን «ማትሱኬን ሳምባ 2» ያለ ክርክር ገቡ። አንደኛው አውራ ጣት እያሳዩ በአንድ እግር የሚዘለልበት ነው። ሁለተኛው ላይ «ኦሌ!» ይባላል። የኦጊኖሜ ዮኮ «ዳንሲንግ ሂሮ» በ1985 ወጥቶ በ2017 የኦሳካ ክፍለ ሀገር ተማሪዎች ስለጨፈሩበት እንደገና የተነሳ ነው፤ ስለዚህ የ22 ዓመቱም የ55 ዓመቷም ያውቁታል። አስረኛው ላይ ገና አልወሰንኩም።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

ሁለተኛ ብቸኛ ልምምድ። 780 የን።

የሂራጋና ፍጥነቴ ስላልበቃኝ ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ግጥሙን ማታ በፊደላችን ገለበጥኩት። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። እነሱም በክፍለ ቃል ነው የሚጽፉት፣ እኛም። ላቲን ላይ ሲጻፍ ዓይኔ ሁለት ሦስት ፊደል መሰብሰብ አለበት። በግእዝ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ምት ነው። ኡ-ሩ-ቶ-ራ ሶ-ኡ-ሩ፣ ሰባት ፊደል፣ ሰባት ምት። ንባቤ ወዲያው ፈጠነ።

ሦስት ቦታ ግን ተሳሳትኩ። አንደኛ፣ «ን»። በአማርኛ ጆሮ «ሰንሴይ» (መምህር) ሁለት ምት ናት። በጃፓንኛ ሴ-ን-ሴ-ኢ ናት፣ አራት ምት። «ን» ለብቻዋ ጊዜ ትወስዳለች። እኔ ከፊቷ ካለው ጋር እያጣበቅኩ ስዘፍን አንድ ምት ቀድሜ እደርስ ነበር። አሁን «ን»ን እያከበብኩ እጽፋለሁ። ሁለተኛ፣ ረጅም አናባቢ። በፊደላችን ምልክት ስለሌለው አጠገቡ ሰረዝ አደረግኩ። ሦስተኛ፣ «ጹ» ብዬ የጻፍኩት ድምፅ። ጃፓኖቹ ሲሉት አይፈነዳም፣ «ት» እና «ሱ» ተጣብቀው ነው። እኔ በ«ጸ» አንብቤው ልጁ ቃሉን ሳይለየው ቀረ። «ትሱ» ብዬ አረምኩት።

የሚጠብቅ ድምፅ ግን አላስቸገረኝም። «ገና» እና «ገና»ን በጥብቀት ለይቶ ላደገ ሰው የእነሱ ጥብቀት ቤቱ ነው። እንደ ሰዋስው መጽሐፍ አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ አደረግኩ፣ አለቀ።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

ከኢንዶኔዥያ፣ ከቬትናምና ከኬንያ የመጡትን ጓደኞቼን በላቡ ኮሪደር ሰብስቤ 40 ደቂቃ ተለማመድን። ድምፅ ማጉያው ስልኬ ነው። «ሃይ!» የምትለዋን አሥር ጊዜ ያህል ደገምናት። ኢንዶኔዥያዊው በሦስተኛው ገባላት፣ ከዚያ ለሌሎቹ በእጁ መምራት ጀመረ። የ«ዩ.ኤስ.ኤ.» ዝላይ ቀላል ይመስላል፤ አራቱን መስመር ሳያቋርጡ ሲዘሉት ባት ይይዛል። ግማሹን እንድንዘል ተስማማን።

አስረኛው ዘፈን ተወሰነ። የታካሃሺ ዮኮ «ዛንኮኩ ና ቴንሺ ኖ ቴዜ»፣ በ1995 የወጣ የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ መክፈቻ ነው። ጥሪና መልስ የለውም፣ ከመለኪያዬ ውጪ ነው። ቬትናማዊቷ ግን ከአገሯ ጀምራ ታውቀዋለች። ልጁም «ይህን ሁሉም አብሮ ይዘፍነዋል፣ ማይክ አያስፈልግም» አለ። ሁሉም አብሮ የሚዘፍነው ከሆነ ሥራ አለ ማለት ነው። አስገባሁት።

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

ትልቅ ስህተት ተገኘ። ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ማሽኑ ላይ የአሥሩንም ዘፈን መጥሪያ ቁጥር ከልምምድ ቤቱ ታብሌት ቀድቼ ነበር። ዛሬ ልጁ የያዘልንን ቤት ደውለን ጠየቅን። ማሽኑ ሌላ ነው። በጃፓን በስፋት ያሉት ሁለት ሲስተሞች ናቸው፤ ዳም እና ጆይሳውንድ። ዘፈኖቹ በአብዛኛው ሁለቱም ጋ አሉ፣ ቁጥራቸው ግን የተለያየ ነው። የዳም ቁጥር መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው፣ የጆይሳውንድ የለውም። የቀዳሁት ሁሉ ዋጋ አጣ። አንድ ማታ ፈጀብኝ፣ የሁለቱን ድረ ገጽ እያየሁ እንደገና ጻፍኩ።

ስፈልግ ሌላም ነገር አየሁ። አንድ ዘፈን ብዙ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ዋናው፣ የኮንሰርቱ፣ በሌላ ዘፋኝ የተሠራው። «ጋኩኤን ቴንጎኩ»ን የፊንገር 5ን ነው ወይስ የኮይዙሚን? ኪዩ ይለያያል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የዘፋኙን ስም መጻፍ ግድ ሆነ።

ክፍሉ ዓርብ ማታ፣ ያውም በዲሴምበር፣ ስለሆነ ውድ ነው። ሁለት ሰዓት፣ መጠጥ እስከፈለጉ፣ በሰው 2,500 የን። ለ14 ሰው 35,000።

ዲሴምበር 15፣ እሑድ

ቅደም ተከተል ላይ ዋልኩ።

መጀመሪያ አሥሩን ተከታትለው እንዲገቡ አስቤ ነበር። ግን አሥር ጊዜ በተከታታይ መዝለል ማንም አይችልም። ሌላው ደግሞ የፕሮፌሰሩ ነገር ነው። እሳቸው ኤንካ የሚባለውን የጃፓን የትካዜ ዘፈን ይወዳሉ። ማታ ማታ ላብ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ ያንጎራጉራሉ። ኤንካ ቀዝቃዛ ነው፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ወደብ፣ ስለ መለያየት። በሞቀ ግብዣ መሃል ምን ይደረጋል?

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ስለነበር። እዚህ አገር እንደመጣሁ አንድ ምግብ ቤት ኤንካ ሰምቼ እንባዬ መጥቶ ነበር። ቃሉ አልገባኝም። ዜማው ግን የማውቀው ሆነብኝ። ዛሬ ስልኬ ላይ በፒያኖ አፕ አረጋገጥኩት። ብዙው ኤንካ የሚዜምበት ዮናኑኪ የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ስልት ነው፤ ስሙ አራተኛውና ሰባተኛው የወጡበት ማለት ነው። የሐዘኑ ዮናኑኪ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ይህ የእኛ ትዝታ ማይነር ነው፣ ድምፅ በድምፅ። ቅላጼው ይለያያል፣ እነሱ ድምፃቸውን የሚያንቀጠቅጡበት ቦታ ሌላ ነው። ቤቱ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ኤንካውን አላስወጣም። ከጀመርን አንድ ሰዓት ሲሆነን፣ ሰው ሲደክመው፣ ለማረፊያ እንዲሆን መሃል አስቀመጥኩት። ከእሱ በኋላ ወዲያው «ዩፎ»፤ ፕሮፌሰሩ ገና እንደቆሙ።

ነጥብ የሚሰጠውን ነገር ለማጥፋትም ወሰንኩ። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ ውጤት ሲያሳይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበላል። በ24 ዘፈን ወደ 12 ደቂቃ ነው። ያም ወደ ሦስት ዘፈን ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ መዝፈን የማይወድ ሰው 71 የሚል ቁጥር ካየ በኋላ ማይክ አይነካም።

ዲሴምበር 21፣ ቅዳሜ

ትናንት ሆነ። ሳልረሳ ልጻፍ።

ከሰዉ 15 ደቂቃ ቀድሜ ገባሁ። ካውንተሩ ላይ ታምቡሪንና ማራካስ በነፃ ይሰጣል፣ ሁለት ሁለት ወሰድኩ። ማይኩን ስሞክር ጮኸ፤ ስፒከሩ ከመግቢያው በላይ ነው፣ እዚያ የሚቆም ሰው ማይኩን ወደ ላይ ካዞረ ያፏጫል። የማይኩን ድምፅ በሁለት፣ ኤኮውን በሦስት ቀነስኩ። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋነው። ያለ እሱ መዝለያ አልነበረም።

«ጋኩኤን ቴንጎኩ»ን ልጁ ከፈተው። ጥሪው ሲመጣ ከላብ ስድስት ሰው ያህል መለሰ። ሁለተኛው ላይ ሁሉም። ጸሐፊያችን ታምቡሪኑን ከእጄ ወስደው እስከ መጨረሻው አልመለሱትም።

ከዚያ አንድ ስህተት ሠራሁ። ክፍሉ ሲሞቅ ደስ ብሎኝ አራት ዘፈኔን አከታትዬ ወረፋ ውስጥ አስገባሁ። የቬትናማዊቷ ምርጫ ከኋላ ቀረ። 20 ደቂቃ ገደማ ስትጠብቅ ልጁ አይቶ ነገረኝ። ታብሌቱ ላይ አንድን ዘፈን ወደ ፊት የሚያመጣ ቁልፍ አለ፣ የእሷን አስቀደምኩ፣ ከእኔዎቹ ሁለቱን አወጣሁ። ይህ አሁንም ይቆጨኛል። ዝርዝሬን ሳይ ሰዉን ረሳሁት።

«ዛንኮኩ»ን እሷው ዘፈነችው። መጀመሪያው መስመር ላይ ከበሮ ስለሌለ ዘግይታ ገባች። ገና ሳትደነግጥ ግን ክፍሉ ሁሉ መስመሩን ይዞላት ነበር። ልጁ ትክክል ነበር፣ ለዚህ ዘፈን ማይክ አያስፈልግም።

አንድ ሰዓት ሲሞላ ፕሮፌሰሩ ኤንካቸውን ዘፈኑ። ማንም ስልክ አላወጣም። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ በትዝታ እየተከተልኩ በልቤ አዜምኩ። ሲጨርሱ ማይኩን ሊመልሱ እጃቸውን ዘረጉ። ያኔ የ«ዩፎ» ሙዚቃ ተነሳ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆመ። ጸሐፊያችን ከሶፋው ተነሥተው አጠገባቸው ሄዱ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ተያዩና፣ ያለ ምንም ልምምድ፣ ቀኝ እጃቸው ከራሳቸው ጀርባ እኩል ወጣ። ከሁላችን ትንሹ፣ የ22 ዓመቱ፣ አፉን ከፍቶ ነው ያየው። እስከ መጨረሻው ጨፈሩት።

ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀር የግድግዳው ስልክ ይጠራል። አራት ዘፈን ይቀረን ነበር። «ሊንዳ ሊንዳ»ን አስቀድመን፣ «ማትሱኬን ሳምባ»ን ተውነው። 14 ሰው በአንዲት ክፍል ሲዘል ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ዘለሉ። አምና ቀድመው የሄዱት ሰው ናቸው።

ዲሴምበር 22፣ እሑድ

ቁጥሮቹ፦ በጠቅላላ 23 ዘፈን ተዘፈነ። ከአሥሩ ሰባቱ ደረሱ። የልምምድ ወጪዬ ሁለቱ ብቸኛ ልምምዶች 1,560 የን፣ የእሑዱ ድርሻዬ 1,100፣ ድምር 2,660። የክፍሉ 35,000 ከሁሉም ተሰብስቦ ተከፍሏል።

የሚቀጥለው ካንጂ እንዲያውቅ ፋይሉ ላይ የጨመርኩት፦ ከካንጂ አንድ ዘፈን፣ ከሰዉ ሁለት፤ በዚህ ተራ ይግባ። አሥር አያስፈልግም፣ ሰባት ይበቃል። የመጨረሻው ዘፈን የግድግዳው ስልክ ሳይጠራ 15 ደቂቃ ሲቀር ወረፋ ላይ ይሁን። «ኡልትራ ሶል» ከ«ዩ.ኤስ.ኤ.» ጋር ተከታትሎ አይግባ፣ ባት አይችልም። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ክፍሉ በተያዘበት ቀን ይጠየቅ።

ዲሴምበር 23፣ ሰኞ

ጠዋት ፕሮፌሰሩ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ልጁ ስለ ሆያ ሆዬ ነግሯቸዋል። በማርች የምረቃ ሽኝት ስላለ እሷን እንድናደርጋት ጠየቁኝ፤ ተቀባዩ ምን እንደሚል በካታካና፣ የውጭ ቃል በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ ጽፌ እንድሰጣቸውም።

ማሽኑ ውስጥ የለችም። ግን አጃቢ አያስፈልጋትም፣ አውጪና ዱላ ይበቃታል። ዱላ ይዞ ካራኦኬ ቤት መግባት ስለማይሆን ምቱን በታምቡሪን እሞክረዋለሁ። አዲስ ኤክሴል ከፍቻለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «ሆ!» የምትለዋ ፊደል አለች፣ ከጎኗ ካታካናዋ፦ ホー። ረጅም ስለሆነች ሰረዝ አድርጌላታለሁ።